በፍልሰታ የሞቱት ቀበሮዎች

«እትዬ አመተ ማርያም፣ ልጅዎ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የት ዋለ?»

ድስቱ ላይ አጎንብሳ ሽሮ ታማስል ነበር፤ ማማሰያው እጇ ላይ ቀረ። ኬላው ላይ ነው የዋለው እንዳትል፣ ኬላውን ባዶውን ያገኘችው ራሷ ናት። ሌላ ቦታ ነበር እንዳትል፣ የት እንደነበር አታውቅም።

«ሽሮው እያረረ ነው» አላት ኢንስፔክተር ቀለመ ወርቅ።

ድስቱን አወረደች። ሰውየው ከንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ መጥቶ፣ መኪና የማይገባበትን መንገድ በእግሩ ወጥቶ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ነሐሴ ነው። በፓርኩ ካምፕ ውስጥ ከወጥ ቤቷ በቀር እሳት ያለበት ክፍል ስላልነበረ፣ ምርመራውን እዚያው ምድጃ ዳር ዘርግቶታል። ካልሲውን እንጨት ላይ ሰቅሎ ያደርቃል።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «እናቱ ሆኜ አላውቅም።»

እሱ ጻፈው። እሷ እርሳሱን በዓይኗ ተከተለችው። የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ከተገለበጠው በኩል ቢሆንም «አላውቅም» የሚለውን ቃል ለየችው። እንደዚያ ቀን ማንበብ መቻሏን ጠልታው አታውቅም።

ጅብራ አምባ ትንሽ ፓርክ ናት፤ ከላይ እስከ ታች በግማሽ ቀን ታልቃለች። ላይ፣ ከብርዱ፣ ጓሳና ጅብራ የበቀለበት ሜዳ አለ፤ ቀይ ቀበሮ ለፍልፈል ሲያደባ የሚውለው እዚያ ነው። ከሜዳው ሥር ድኩላ የሚደበቅበት የአስታ ጫካ፣ ከጫካው ሥር ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተለጥፈው የሚያድሩበት ገደል አለ። ከገደሉ በታች አየሩ ይሞቃል፤ ቁልቋሉ፣ ግራሩ፣ ከወንዙም ዳር ጉሬዛው። አመተ ማርያም ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ካምፕ ለጥበቃዎቹ ምግብ ስትሠራ ኖራለች። ሥራውን ያገኘላት ታላቅ ወንድሟ አለበል ነው፤ የጥበቃዎቹ አለቃ። አንድ ልጇን ይበልጣልንም ባለፈው ዓመት ጥበቃ አድርጎ ያስቀጠረው እሱ ነው።

ረቡዕ ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ልጄ ሳይበላ ዋለ ብላ ሽሮውን በሳህን ከድና ወደ ላይኛው ኬላ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው በጀርባው የተዘረጋ ቁራ ነበር። ቀጥሎ ከጅብራው ሥር አንድ ቀበሮ፤ የተኛ መስሏት ነበር። ጉሙ ገለጥ ሲል ሌሎቹን አየች። ቆጠረቻቸው። አምስት። ሦስቱ የዘንድሮ ቡችሎች ናቸው። ጉድጓዳቸው ከአባቷ የገብስ ማሳ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበረ፣ ሲወለዱ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። እናታቸው ብቻ ከሬሳዎቹ መካከል አልነበረችም። በፓርኩ ሁሉ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች እነሱን ጨምሮ አሥራ አራት ነበሩ።

ኬላው ውስጥ ሰው የለም። ወርዳ ለቢሮው የተናገረችውም እሷ ናት። ይበልጣል ሲመሻሽ ገባና «ኬላ ነበርኩ» አላት። ዓይኑን አይታ ውሸት መሆኑን ዐወቀች። ሐሙስ ጠዋት ፖሊስ ወሰደው።

ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ያስጠራው ሀይሉን ነበር። በጥር ወር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «አንድ ቀን በመርዝ እፈጃቸዋለሁ» ያለ በግ አርቢ ነው። ሦስት ጠቦት በልተውበታል።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ። ሚስቴንም በየሳምንቱ እፈታሻለሁ እላታለሁ። ይኸው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆነን።»

«ጫማህን አንሣ።»

ሀይሉ የላስቲክ ጫማውን አንሥቶ አሳየ። የአውራ ጣቱ ጥፍር በቀዳዳው ብቅ ብሏል።

«ቀበሮዎቹን ከገደለው መርዛም ሥጋ አጠገብ ያለው ዱካ የጥበቃ ቦት ጫማ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ታዲያ ቦት የታደሉትን ይጠይቁ እንጂ! እኔን በዚህ ዝናብ ከሚያንከራትቱኝ። ለእኔ ማን ቦት ሰጥቶኝ ያውቃል?»

«ረቡዕ የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። መሪጌታን ይጠይቁልኝ።»

መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ከሰዓት በኋላ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ውኃ እንኳ አልቀመሱም ነበር፤ ቅዳሴው ገና መውጣቱ ነው።

«ሀይሉ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ይዞ ከፊቴ አልተነሣም» አሉ። «ቀበሮ ቀርቶ ዝንብ ሊገድል ጊዜ አልነበረውም። እንዲያውም ረቡዕ ሰው ሁሉ መጥቷል። ጥበቃዎቹ እንኳ ሥራ ቢይዛቸው ዘግይተውም ቢሆን ደርሰዋል፤ አለበልም ሰው ሲሰናበት በር ላይ አይቼዋለሁ። የጠፋው ይበልጣል ብቻ ነው።» ከዚያ አመተ ማርያምን አይተው አዘኑ። «ይቅር በይኝ ልጄ። እውነት ሆኖብኝ ነው።»

«ምን ያድርጉ አባቴ» አለች።

ቀጥሎ አለበል ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እህቱን አላያትም።

«ልጁን ላይኛው ኬላ የመደብኩት እኔ ነኝ» አለ። «ረቡዕ ማለዳ ቦርሳ አንግቶ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?»

«ምን ዐውቃለሁ። ከበድ ያለ ይመስላል።»

«ፈቃድ ጠይቆዎት ነበር?»

«እኔን? አልጠየቀኝም። እኔ ቅዳሴ ነበርኩ።»

ኢንስፔክተሩ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ፍለጋ ሲወጣ፣ አመተ ማርያም ወንድሟን በክርኑ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ቦርሳውን ባያነሡበት ምን ነበረ?»

«በጾም ልዋሽልሽ? አይዞሽ አመቴ። ልጅ ነው፣ ይመክሩትና ይለቁታል። እኔ አለሁልሽ።»

አለሁልሽ ሲላት ዕድሜዋን ሁሉ አምናዋለች። አባታቸው ሲሞት አለሁልሽ ብሏት ነበር። ባሏ ሲሞትም እንዲሁ። ያን ዕለትም አመነችው፤ እጁንም ስማ ለቀቀችው።

ዓርብ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ከላይኛው ሜዳ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ያ ሥጋ የበግ ነው» አለ። «በሽታ የገደለው በግ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ታርዷል። ብልቱ ሳይጎሳቆል በሥርዓት ተለያይቷል። እስቲ ይንገሩኝ፣ በፍልሰታ በግ የሚያርድ ማነው?»

«ማንም!» ደነገጠች። «ሕፃን እንኳ እየጾመ። ንፋስ መውጫም ሥጋ ቤቶቹ ዝግ ናቸው፤ እርስዎ መቼ አጡት።»

«እኮ። ግን አንድ ሰው አርዷል። በጎረቤት ፊት ሊያርድ አይችልም። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ባዶ ሆኖ የሚውል ግቢ ያስፈልገዋል። ረቡዕ ይህ ካምፕ ማን ነበረበት?»

«ማንም አልነበረም። እኔም ቅዳሴ ነበርኩ።»

«ያለዎትን ቢላዋ ያሳዩኝ።»

የሽንኩርት መክተፊያዋን ሰጠችው። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ነው» አለች። አልዋሸችም። በጾም የፍስክ ዕቃ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ ከዓይንም ከሐሳብም ይወጣል። ጾም ሊገባ ሲል፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ የሥጋውን ድስት፣ የቅቤውን ጭልፋና ማረጃውን ካራ በአመድና በፈላ ውኃ አጥባ፣ በጆንያ ቋጥራ ቆጡ ላይ ሰቅላዋለች። እስከ ጾሙ ፍቺ የሚነካው የለም።

ትዝ ያላት ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው። በርጩማ ላይ ቆማ ጆንያውን አወረደችው። ቋጠሮው የእሷ አልነበረም። ድስቱ እንዳለ ነው፣ ጭልፋውም እንዳለ ነው። ካራው በጨርቁ ተጠቅልሏል፤ ግን ታጥቦ ሳይደርቅ ስለተጠቀለለ ስለቱ ዝጓል። እጀታው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ደም፣ በደሙም ላይ ነጭ የበግ ጠጉር ተጣብቋል።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

ካራው የት እንደሚሰቀል የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ። አንዱ አለበል፤ ጾም በተፈታ ቁጥር የካምፑን በግ ባርኮ የሚያርደው እሱ ነውና። ሦስተኛው ቆጡን የሠራላት ልጇ ነው። ወንድሟ አለሁልሽ ብሏታል። እንግዲህ የቀረው ማነው?

ካራውን ከነጨርቁ በነጠላዋ ውስጥ፣ ወገቧ ላይ ታጠቀችው። ያን ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህርቷ ሜሮን የልጃችሁን ስም ጻፉ አለቻቸው። አመተ ማርያም «ይ» ብላ ቆመች።

«ምነው እማማ? ይህንን እኮ ባለፈው ወር ጨርሰሽዋል።»

«እጄ ደክሞኝ ነው» አለች።

ሁለት ቀን ደበቀችው። ብትሰጠው ልጇን በገዛ እጇ ማሳሰሯ ነው። ብትጥለው ደግሞ፣ ልጄ ነው ያደረገው ብላ መፍረዷ ነው። እሑድ፣ ቅዳሴ ሳትቆም፣ የሽምብራ ቆሎ ቋጥራ ንፋስ መውጫ ወረደች።

ይበልጣልን በፖሊስ ጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ግን ጉንጩ ገብቷል።

«ይቤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ።»

«አንቺም ቀበሮ ገደልክ ወይ ልትይኝ ነው?»

«አይደለም። አሁን፣ በዚህ ጾም፣ በግ እረድ ብትባል በምን ታርዳለህ?»

«እማዬ፣ ጤና የለሽም እንዴ?»

«መልስልኝ!»

«ባገኘሁት ነዋ። ያ ሽንኩርት መክተፊያሽ ምድጃው ሥር አለ አይደል?»

«የጾም ዕቃ ይረክሳል አትልም? የፍስኩን ካራ ከቆጥ አላወርድም?»

«ለምን ብዬ ቆጥ እወጣለሁ? ቢላዋ ቢላዋ ነው።»

ባለፈው ዐቢይ ጾም ልጇ ወገዳ ከተማ ሻይ ቤት እንቁላል ሲበላ ያዩት ሰዎች ነግረዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሳ ነበር። አሁን «ተመስገን» አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፣ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ። ያረደው ሰው ጾሙን የሚፈራ ነው። አምስት ቀበሮ በመርዝ ለመግደል ልቡ ያልፈራ፣ የሽንኩርት ቢላዋ በሥጋ ለማርከስ ግን እጁ የፈራ። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቷ የምታውቀው አንድ ነው።

«አሁን ንገረኝ» አለችው። «ረቡዕ የት ነበርክ?»

ልጁ ጭቃውን በጣቱ ጫረ። «ወገዳ። ፎቶ ልነሣ። ለፓስፖርት።»

«ፓስፖርት ምን ያደርግልሃል?»

«ልሄድ ነበር፣ እማዬ። ሳውዲ። ሰው አግኝቻለሁ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ደርሼ ልደውልልሽ ነበር።»

ቆሎው ከእጇ ወደቀ። ለማንሣት እንኳ አልጎነበሰችም።

«ማን ያውቃል?»

«አጎቴ ያውቃል። ፈቃድ የሰጠኝ እሱ ነው። ሂድ፣ ኬላውን እኔ እይዝልሃለሁ፣ ለእናትህ ግን እንዳትነግራት አለኝ። ሐሙስ እዚህ መጥቶም አፍህን ዝጋ አለ። እናትህ ከሰማች ደም ግፊቷ ይነሣል፣ እኔ አስፈታሃለሁ አለኝ።»

አንድ ቦታ ተቀምጣ ሁለቱንም ሰማች። የሚሄደውን ልጇንና የሸጣትን ወንድሟን። የትኛው ይበልጥ እንዳመማት ለማወቅ ጊዜ አልነበራትም፤ ተነሥታ የኢንስፔክተሩን በር አንኳኳች።

ካራውን ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ሁለት ቀን ደብቄዋለሁ። ለዚህ ካሰሩኝ ይሰሩኝ። ግን መጀመሪያ ይስሙኝ።»

ኢንስፔክተሩ እስከ መጨረሻው ሰማት። አንድም ጊዜ አላቋረጣትም። ከዚያ ወገዳ ላሉት ባልደረቦቹ ደወለ። በማግሥቱ ፎቶ አንሺው ተገኘ፤ በካሜራው ውስጥ ይበልጣል በነጭ ሸሚዝ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ። የአለበል ሚስትም ተጠየቀች። «ቀበሮ በላብን ብሎኝ ነው እንጂ አንድ ሙክት ነበረን» አለች፤ «የቤታችን ካራማ የእኔው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ።»

«ልጅዎ ነገ ይፈታል» አለ ኢንስፔክተሩ ለአመተ ማርያም። «ወንድምዎ ግን ይክዳል። በጉ ጠፍቷል፣ ዱካው የማንም ጥበቃ ሊሆን ይችላል፣ ፈቃዱን የሰማ ሦስተኛ ሰው የለም። ካራው ያለበትን ደግሞ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ።»

«እኔ ልጠይቀው» አለች።

«ምን ብለው?»

«የወጥ ቤት ነገር ነው። ለእኔ ይተዉት።»

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አለበል እንደ ልማዱ ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ ጥግ ላይ ካልሲውን ያደርቃል። አንድ ሌላ ፖሊስ በር ላይ ቆሟል። አመተ ማርያም ሽሮውን ጨልፋ፣ እንጀራውን ዘርግታ ለወንድሟ አቀረበች። አማትቦ መብላት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ነው፤ ርቦታል።

እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ምድጃውን ትቆሰቁሳለች።

«ለመሆኑ የፍስኩን ካራ ከቆጥ ማውረድ ምን ቸገረህ?» አለችው። «የሽንኩርቱ እዚህ እግርህ ሥር ነበረ።»

በዕድሜዋ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። እሱ ግን ያንን አላስተዋለም። የሰማው ጥያቄውን ብቻ ነው፤ ጥያቄውም የቤት ጥያቄ ነው።

«የጾሙን ዕቃ ላረክስብሽ ኖሯል?» አለ ቆጣ ብሎ፣ ጉርሻው ገና አፉ ውስጥ ሳለ። «ምን ዓይነት ሰው አደረግሽኝ!»

ከዚያ ማላመጡን አቆመ።

ኢንስፔክተሩ ካልሲውን ከእንጨቱ አንሥቶ ማጥለቅ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ።

«አመቴ» አለ አለበል።

«ስሜን አትጥራ።»

«የአባታችን ማሳ ነው! ሰኔ ላይ የፓርኩን ወሰን ሊለኩ የመጡት ባለሙያዎች ያሉትን ሰምተሻል። ቡችላ ያለበት ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ማረሻ አይደርስም፣ ወሰኑ በዚያ በኩል ይሄዳል ብለዋል። ያ የተረገመ ጉድጓድ ከማሳችን በላይ ነው። እነሱ ከጠፉ ወሰኑ ማሳችንን ሳይነካ ከገደሉ ይመለስ ነበር። ለማን ብዬ ነው? ነገ ማሳው ለአንቺም ለልጅሽም አይደለም?»

«ለልጄ ብለህ ልጄን አሳሰርከው?»

«አስፈታው ነበር።»

«መቼ?»

ባርኔጣውን ፈለገ፤ ጉልበቱ ላይ እያለ ወለሉን ይዳብሳል።

«እንዲሄድ የረዳኸውስ? ማሳው ለልጄ ከሆነ፣ ልጄን ማንም በማያውቅበት ለመላክ ለምን ቸኮልክ?»

ፖሊሱ ገብቶ ክንዱን ያዘው። ሲወጣ የበሩን መቃን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ምናልባት አንድ ነገር ትለኛለች ብሎ ይሆናል። እሷ እንጀራውን ከነትራፊው አጣጥፋ ለካምፑ ውሻ ጣለችለት።

ቃሏን ኢንስፔክተሩ ጽፎ ሊያነብላት ጀመረ።

«ይስጡኝ» አለች። «ራሴ ላንብበው።»

አንድ ገጽ ነው። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እየገፋች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ኢንስፔክተሩ አላጣደፋትም። «ታላቅ ወንድሜ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ብዙ ቆየ።

«ስሕተት አለው?» አላት።

«የለውም። ልክ ነው» አለችና ስሟን በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ሁለቱንም ቃል፣ ፊደል ሳታጎድል።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ሲፈታ ካምፑ በግ አላረደም። ካራው በላስቲክ ታሽጎ ንፋስ መውጫ ነበር፤ ሌላ ገዝቶ የመጣም ሰው አልነበረም። ጥበቃዎቹ በእንቁላል ፈቱ።

መስከረም ላይ ባለሙያዎቹ ተመልሰው መጡ። እናቲቱ ቀበሮ እዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ አገኟትና ወሰኑን ከገብሱ ማሳ በታች ከለሉ። አመተ ማርያም ችካሉ ሲተከል ቆማ አየች። ማሳው የእሷም ነበር።

አለበል እስር ቤት ነው። ይበልጣል በመስቀል ማግሥት በወገዳ በኩል ወደ ሳውዲ ሄደ፤ ያን ጊዜ ግን ነግሯት ነው የሄደው። ቀበሮዋ ከጉድጓዷ አልተነሣችም። አመተ ማርያምም ካምፑ ቀረች።